የሐራጅ ቤትና ሙሉ ዋጋ



ሰሞኑን ከጉባኤያችን አንድ ወጣት ባልና ሚስት ወደ እኛ መጥተው፣ «ባንክ በዕዳ ይዞ በሐራጅ የሚሸጠውን ቤት ብንገዛ ኃጢአት ይሆንብናል ወይ?» ብለው ጠየቁን። አዎ ወይም አይደለም ብለን ልንመልስላቸው አልቻልንም። ከመመለሳችን በፊት የራሳችንን ታሪክ ነገርናቸው። ዛሬ ለእናንተም የምናካፍላችሁ ያንኑ ነው። «እኛ» የምንለው ባልና ሚስት ሆነን ነው፤ ነገሩን አብረን ጀመርነው፣ አብረን ጸለይንበት፣ የተሳሳትነውም አብረን ነው።

ማስታወቂያው

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነበር። በሐዋሳ ከተማ በኪራይ ቤት መኖር ከጀመርን 24 ዓመት ሆኖን ነበር፤ በእነዚህ ዓመታት ዕቃችንን ዘጠኝ ጊዜ ጭነናል። የአገልጋይ ቤት እንግዳ አያጣም። የታመመ ሊጸለይለት ይመጣል፣ የተጣላ ሊታረቅ ይመጣል፣ ከገጠር ለስብሰባ የመጣ ወንጌላዊ ያድራል። አከራዮቻችን ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን ውኃው ያልቅባቸዋል፣ በሩም በሌሊት ይንኳኳባቸዋል። ስለዚህ «ቤቱን ለልጃችን ፈልገነዋል» የሚለውን ቃል ደጋግመን ሰምተናል። ልጆቻችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር ግድግዳ ላይ ሚስማር እንደማይመታ ነው።

በዚያ ዓመት እኅታችሁ ከአባቷ ቤት ሽያጭ የውርስ ድርሻዋን 900,000 ብር አገኘች። ከእቁብና ከቁጠባ ያጠራቀምነው 400,000 ብር ነበረን። ታናሽ ወንድማችን ደግሞ 400,000 ብር ሊያበድረን ቃል ገባ። በጠቅላላው 1,700,000 ብር ማለት ነው። በሕይወታችን ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ላይ አይተን አናውቅም፤ ሆኖም እንደምንፈልገው ያለ ቤት ለመግዛት አይበቃም ነበር።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ የታጠፈ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይዞ መጣ። የሐራጅ ማስታወቂያውን በእስክሪብቶ ከብቦታል። ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/90 በተሰጠው ሥልጣን መሠረት በመያዣ የያዘውን ቤት እንደሚሸጥ ይገልጻል። የተበዳሪው ስም፣ የቤቱ አድራሻ፣ የካርታው ቁጥር፣ የቦታው ስፋትና የሐራጁ መነሻ ዋጋ በሰንጠረዥ ተቀምጠዋል። በ200 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ መኖሪያ ቤት፤ መነሻ ዋጋው 1,240,000 ብር። ተጫራች የመነሻውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ ያስይዛል። የተሸነፈ ሲፒኦው ይመለስለታል። ያሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ያስያዘው አይመለስለትም።

በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ቤት ወደ ሁለት ሚሊዮን ብር እንደሚያወጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሽማግሌው ጋዜጣውን እየሰጠን፣ «መጋቢ፣ ይህ ጌታ ያዘጋጀላችሁ ነው» አለን። አሜን አልን። በዚያው ሳምንት የቤት ለቤት ኅብረታችን ሦስት ቀን ጾመልን። የጸሎት ርእሳችን አጭር ነበር፦ ጌታ ሆይ፣ በመነሻው ዋጋ ስጠን።

አቤንኤዘር

ባንኩ ቤቱን ማየት ለሚፈልግ ሰው ቀን ቆርጦ ያሳያል። እኛም ከአንድ የባንኩ ሠራተኛና ከአንድ ደላላ ጋር በባጃጅ ሄድን። ግቢው በታቦር ተራራ አቅራቢያ ነው። በአረንጓዴው የቆርቆሮ በር ላይ በነጭ ቀለም፣ በእጅ ጽሕፈት፣ «አቤንኤዘር» ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ስም የማያውቅ የወንጌል አማኝ የለም። ሳሙኤል ሕዝቡን እዚያ ያደረሳቸው የእግዚአብሔር ርዳታ መሆኑን ለማስታወስ ላቆመው ድንጋይ ያወጣው ስም ነው (1ኛ ሳሙ. 7፥12)። እኛም ቤት ስናገኝ በበራችን ላይ ልንጽፈው ለዓመታት ያሰብነው ስም ይኸው ነበር። ተያየን፤ ምንም ግን አልተነጋገርንም።

በሩን የከፈቱልን ዕድሜያቸው ከእኛ ጥቂት የሚበልጥ እናት ናቸው። ማን እንደሚመጣና ለምን እንደሚመጣ አስቀድመው ያውቃሉ። ቢሆንም «ግቡ እንጂ፣ በር ላይ አይቆምም» አሉን። ደላላው ቀድሞን ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል። «ጣሪያው አርጅቷል፤ ልስኑ ተሰነጣጥቋል፤ ሰርቪሱ ፈርሶ እንደገና መሠራት አለበት» እያለ ጮክ ብሎ ይናገራል። እኛም፣ ጌታ ይቅር ይበለን፣ ራሳችንን እየነቀነቅን አብረነው ዞርን። «ይህኛው ለእንግዳ ይሆናል፤ ያኛው ለጸሎት» ብለን ክፍሎቹን በሹክሹክታ አከፋፈልናቸው። በአንደኛው ክፍል የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ የሆነች ልጃቸው አልጋ ላይ ተቀምጣ ታጠና ነበር። ደብተሯን አጥፋ፣ እኛ እስክንወጣ ድረስ መሬት መሬት አየች።

ምሳሌ 20፥14 ስለ ገዢ የሚናገረውን ታውቁታላችሁ። ሲዋዋል ዕቃውን ያጣጥላል፤ ከሄደ በኋላ ግን በገዛው ይመካል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብከንበታል፤ ሁልጊዜም ስለ ገበያ ሰው ነበር የምንሰብከው።

እናትየዋ ቡና አፍልተው ጠበቁን። የባንኩ ሠራተኛ ሰዓቱን ያያል፤ እኛ ግን እንቢ ማለት ከበደን። ባለቤታቸው ቤቱን አስይዘው ለንግድ ተበድረው ነበር። ሁለት ዓመት በደንብ ከፈሉ። ከዚያ ኩላሊታቸው ታመመ፤ የንግዱ ገንዘብ ወደ ሕክምና ሄደ፤ እርሳቸውም አልተረፉም። ዋናውና ወለዱ ተደምሮ 700,000 ብር ገደማ ደረሰ። «ባንኩን አልወቅስም፤ ታግሠውን ነበር፤ ዕዳ ዕዳ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ የት እንደምናመልክ ጠየቁን። ነገርናቸው። «እንግዲያው ስትጸልዩ አስታውሱን» አሉን።

እኛ እኮ ስንጸልይ ነው የሰነበትነው። የጾምነው ግን የእርሳቸው ቤት በርካሽ እንዲወጣልን ነበር።

ርካሹ ከማን ኪስ ነው?

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ብሎን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥተን ተቀመጥን። እስከዚያ ቀን ድረስ የሐራጅ ቤት የባንክ ቤት ይመስለን ነበር። ባንክ ሀብታም ነው፤ በርካሽ ብንገዛበት ማን ይጎዳል ብለን ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ባንኩ ከሽያጩ የሚወስደው ዕዳውን፣ ወለዱንና ወጪውን ነው፤ የተረፈው ለባለንብረቱ ይመለሳል። ስለዚህ ቤቱ በ1,250,000 ብር ቢሸጥ ባንኩ 700,000ውን ያገኛል፤ ለእናትየዋና ለልጃቸው የሚተርፈው 550,000 ብር ነው። በ1,700,000 ብር ቢሸጥም ባንኩ ያንኑ 700,000 ይወስዳል፤ ለእነርሱ ግን አንድ ሚሊዮን ይተርፋል። «ጌታ በቅናሽ ሰጠን» ብለን የምንመሰክርበት ገንዘብ፣ ከባንኩ ካዝና ሳይሆን ቡና ካፈሉልን እናት መቀነት የሚወጣ ነበር።

ይህ ሲገባን የምናውቀው መጽሐፍ ሌላ ሆኖ ይነበበን ጀመር። ዘዳግም 24፥10-11 አበዳሪ መያዣ ለመቀበል ሲሄድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ደጅ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ዕዳው አልተሰረዘም፤ የተበዳሪው ክብር ግን ተጠብቋል። ዘሌዋውያን 25፥29-30 በተቀጠረ ከተማ ውስጥ ቤቱን የሸጠ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ የመቤዠት መብት ይሰጠዋል። በነህምያ 5 በራብ ምክንያት እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን ያስያዙ ሰዎች ይጮኻሉ። ነህምያም ሌሎቹን ሲገሥጽ እርሱና ወንድሞቹም እንደሚያበድሩ ሳይሸሽግ ተናግሮ፣ ራሱን ከተወቃሾቹ ጋር ቆጥሮ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ብድርንና መያዣን እንዳላየ አያልፍም፤ ከመያዣው በስተጀርባ ያለውን ሰው ደግሞ አይረሳም።

ከሁሉ በላይ የያዘን ግን የሁለት ገዢዎች ታሪክ ነው። አብርሃም ሣራን የሚቀብርበትን ዋሻ ሲፈልግ ኤፍሮን በነጻ እንዲወስድ ጋበዘው፤ አብርሃም ግን የተጠራውን 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ (ዘፍ. 23)። ዳዊትም የኦርናን አውድማ በስጦታ ሲቀርብለት በሙሉ ዋጋ ካልሆነ አልወስድም አለ (1ኛ ዜና 21፥22-24)። ሁለቱም የእግዚአብሔር ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም መሬት የያዙት ዋጋውን ከፍለው ነው። እኛ ደግሞ ርካሽነቱን የእግዚአብሔር ፈቃድ ምልክት አድርገን ጾመንበት ነበር።

በማግሥቱ ደላላው ደወለ። «መጋቢ፣ ይህን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ። የሚመጡት ሌሎች ተጫራቾች ሦስት ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። ለሻይ የሚሆን ነገር ከሰጠናቸው ዋጋ አይጨምሩም» አለ። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንመልስ አናውቅም። ማታ የጻፍነው ወረቀት ግን ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ወንድማችን፣ እንዲያ ብናደርግ ሌብነት ነው፤ ከመበለት ላይ መስረቅ ነው» አልነው። ሳቀና፣ «ታዲያ ፓስተር ቤት የሚገዛው መቼ ነው?» አለን።

«እንጸልይበት»

አሁን የምንነግራችሁ ከሁሉ የከበደንን ነው።

በዚያ ሌሊት እኅታችሁ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና፣ «ዕዳውን እኛ ከፍለን ቤቱን ብናስለቅቅላቸውስ? ሰርቪሱን አከራይተው ቀስ እያሉ ይመልሱልናል» አለች። ነገሩ የማይቻል አልነበረም። ሐራጁ ሳይደርስ ዕዳው ቢከፈል ሽያጩ ይቀር ነበር። የሚያስፈልገው 700,000 ብር ነበር፤ እኛ ደግሞ የወንድማችንን ብድር ሳንነካ 1,300,000 ነበረን።

ሁለታችንም ዝም አልን። ወንድማችሁ መጋቢው ዕድሜያችንን አነሣ፤ የልጆቻችንን ትምህርት አነሣ፤ የማናውቃቸው ሰዎች መሆናቸውንም አነሣ። ሁሉም እውነት ነበር። በመጨረሻም «እንጸልይበት» አልን። ወገኖች፣ «እንጸልይበት» አንዳንድ ጊዜ የእንቢታ ጨዋ ስሙ ነው። ስለ ጉዳዩ ዳግመኛ አልተነጋገርንም፤ አልጸለይንበትምም።

በሩት መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ላይ ከቦዔዝ ይልቅ ለናዖሚን ቤት የሚቀርብ ዘመድ ነበር። መሬቱን እቤዣለሁ አለ። ከመሬቱ ጋር መበለቲቱ ሩት እንዳለች ሲሰማ ግን ርስቱ እንዳይጎዳበት ፈርቶ ተወ። ክፉ አልሠራም፤ ሕግም አልጣሰም። ነገር ግን መጽሐፉ ስሙን አልጻፈውም። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን መምህራችን የዕብራይስጡን «ፕሎኒ አልሞኒ» የሚለውን አጠራር ከእኛው «እገሌ» ጋር አመሳስለው ሲያስተምሩን ፈገግ ብለን ነበር። ያን ምዕራፍ ስንሰብክ ሁልጊዜ ራሳችንን በቦዔዝ ቦታ እናስቀምጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን እገሌ እኛ ነበርን።

የሐራጁ ቀን

በልባችን አንድ ነገር ወሰንን፤ የምንችለውን እውነተኛ ዋጋ እንጠራለን፣ ከዚያ በላይ አንሄድም፣ ከማንም ጋር አንመካከርም። 310,000 ብር በሲፒኦ አስይዘን ገባን። የተገኘነው አራት ተጫራቾች ነበርን። እናትየዋ ከልጃቸው ጋር ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል።

ዋጋው ከ1,240,000 ተነሣ። አንደኛው ሰው አሥር ሺህ ጨመረ። እኛ 1,400,000 ስንል ሁሉም ዞረው አዩን፤ ደላላው በሩ አጠገብ ቆሞ ራሱን ያዘ። ከዚያ ሦስቱ ሆነን፣ ቀጥሎም ሁለት ሆነን ወጣን። 1,600,000፤ 1,650,000፤ 1,700,000 ብለን ጠራን። ሌላው ሰው ጥቂት አስቦ 1,725,000 አለ። ሰብሳቢው ወደ እኛ አየ። እኅታችሁ የወንድማችሁን እጅ ይዛ ነበር። ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ አለቀ።

ሲፒኦአችንን ተቀብለን ወጣን። ጋዜጣውን ያመጣልን ሽማግሌ በጣም አዘነ። «ጠላት በረከታችሁን ነጠቃችሁ» አለን። ጠላት አልነጠቀንም፤ አንድ ሰው በግልጽ ጨረታ በ25,000 ብር በለጠን። ሁሉን ሽንፈት ለዲያብሎስ፣ ሁሉን ቅናሽ ለእግዚአብሔር መስጠት ልማድ ሆኖብናል። ከእንግዲህ ምስክርነታችንን በሌላ ሚዛን እንመዝን።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናትየዋ የተከራዩትን ቤት አጠያይቀን ጠየቅናቸው። ከዕዳው የተረፈው ገንዘብ ደርሷቸው ነበር፤ በከተማው ዳር ትንሽ ቤት እየፈለጉ ነበር። አሁንም ቡና አፈሉ። «ዋጋውን ከፍ ያደረጋችሁት እናንተ እንደሆናችሁ አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ደስ አለን። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ያን ቀን ግን ‹ይህ ለጸሎት ይሆናል› ስትሉ ሰምቻችሁ ነበር። እኔም እጸልይ የነበረው በዚያው ክፍል ነው።»

ይቅርታ ጠየቅናቸው። ስኒያችንን ተቀብለው ሁለተኛውን ቀዱልን። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ዕዳውን ልንከፍልላቸው አስበን እንደነበር አልነገርናቸውም፤ ያልተደረገ በጎ አሳብ ለሌላ ሰው የሚነገር ስጦታ አይደለም።

ለወጣቶቹ ያልነው

ታዲያ የሐራጅ ቤት መግዛት ኃጢአት ነው? ለእነዚያ ወጣቶች አይደለም ብለናቸዋል። ገዢ ከጠፋ ወይም ዋጋው ከወደቀ ባለዕዳው ይበልጥ ይጎዳል፤ በቅን ዋጋ የሚገዛ ሰው ለባለዕዳው ደግ ሊያደርግለት ይችላል። ግን ሦስት ነገር አደራ አልናቸው።

አንደኛ፣ ሂዱና ቤቱን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹን እዩ። በክብር ግቡ፤ ልስኑን አታጣጥሉ፤ ክፍሎቹን ሰው በሚሰማበት አታከፋፍሉ። ሁለተኛ፣ ከደላላም ሆነ ከተጫራች ጋር ተመሳጥራችሁ ዋጋ አታፍኑ። የቀነሰው ብር ከማን እንደተወሰደ በወረቀት ጻፉት። ሦስተኛ፣ ከመጫረታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ በእግዚአብሔር ፊት ጠይቁ፦ ይህ ቤት ለባለቤቱ ሊተርፍ የሚችልበት መንገድ አለ? እኛ ብቻችንን ባንችል ጉባኤው ተረዳድቶ ይችል ይሆን? መልሱ አይደለም ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቁ ማለፍ ግን፣ በእኛ እንደሆነው፣ ብዙ ዓመት ይከተላል።

የወንጌሉ እምብርትም ይኸው ነው። እኛ ልንከፍለው የማንችለው ዕዳ ነበረብን፤ በላያችን የተጻፈውንም ጌታ በመስቀሉ ደመሰሰው (ቆላ. 2፥14)። እርሱ ርስቴ ይጎዳብኛል ብሎ አልተወንም። ቅናሽ አልጠየቀም፤ ሙሉውን ከፈለ።

ያ ገንዘብ ከዚያ በኋላ የተወሰነው ለልጆቻችን ትምህርት፣ የተወሰነው ለሕክምና ሆነ፤ የቤት ዋጋም ከአቅማችን ወጣ። ዛሬ አሥረኛው የኪራይ ቤታችን ውስጥ ነን። አከራያችን ደግ ሰው ናቸው፤ ሚስማር እንድንመታም ፈቅደውልናል። እኛ ግን «አቤንኤዘር» የሚለውን ጽሑፍ እስከ አሁን አልሰቀልንም። ያን ስም ባየን ቁጥር አረንጓዴው በር ፊታችን ይመጣል፤ እናትየዋንም ስም ጠርተን እንጸልይላቸዋለን። አስታውሱን ብለውን ነበርና።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ ቤት ለሌላቸው ልጆችህ ማረፊያ ስጣቸው። በዕዳ ምክንያት ከቤታቸው ለሚወጡትም አስብላቸው። በሌላው ጉዳት ላይ በረከት ብለን ስምህን ከመጥራት አድነን። መቤዠት ስንችል ዝም ያልንበትን ቀን ይቅር በለን፤ እንደገና ዕድል ስታመጣልን እገሌ ሆነን እንዳናልፍ እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።